በግመል ገበያ ያለን ዓይን በሱቅ ደጃፍ አይጥፋ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ተረቱን በአፍ መድገም ብቻውን ከመታለል አያድንም። ብዙዎቻችን ይህን ተረት የምናስታውሰው ገንዘባችን ከኪሳችን ከወጣና የገዛነውም ዕቃ ቤታችን ገብቶ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር፥ ይልቁንም ከተማሪዎችና ሥራ ከያዙ ብዙ ጊዜ ካልሆናቸው ወጣት ሠራተኞች ጋር፥ ስለ መግዛትና ስለ መታለል ጥቂት ልንነጋገር አሰብን። ነገሩንም ከአንዲት የቆላ ከተማ ገበያ እንጀምራለን።

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ዶሎ አዶ የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በመካከሉ ፊልቱን ያገኛል። ፊልቱ በሶማሌ ክልል በሊበን ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። የአገሩ ሰው ሀብቱ ከብት ነው። ግመሉን፥ ላሙን፥ ፍየሉንና በጉን እያረባ ይኖራል፤ ልብሱንም፥ ስኳሩንም፥ ሩዙንም፥ የልጆቹንም ደብተር የሚገዛው ከከብቱ ሽያጭ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የከብት ገበያ ለእርሱ ዋዛ አይደለም።

በዚህ አገር ግመል ሲገዛ የተመለከተ ሰው ጥንቃቄ ምን እንደ ሆነ ይማራል። ገዥው በመጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ቀጥሎ ቀረብ ብሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይመለከታል፤ ዕድሜው ከጥርሱ ይታወቃልና። ሻኛውን በእጁ ይዳብሳል፤ ሻኛው የጎደለ እንደ ሆነ መራቡን ወይም መታመሙን ይጠረጥራል። ዓይኑ እንባ ያቀረረ፥ አፍንጫው የሚያፈስስ፥ ቆዳው የቆሰለ እንደ ሆነ ይመረምራል። ከዚያም አስነድቶ ያያል፤ የእግር ነውር በቆመ ጊዜ አይታወቅምና። ሴት ግመል ከሆነችም ጡቷን ሳይመረምር አያልፍም። ይህ ሁሉ ሆኖ ዋጋው ገና አልተነሣም።

ዋጋው ሲነሣ ደግሞ ደላላው ይመጣል። በሶማሌው የከብት ገበያ «ዲላል» የሚባለው ሰው ይህ ነው። ዲላሉ ገዥና ሻጭን ከማገናኘቱ በላይ ትልቅ አደራ አለበት፤ ይኸውም ከብቱ የተሰረቀ ላለመሆኑ በገበያው ፊት የሚመሰክርና በኋላም ጠብ ቢነሣ የሚጠየቅ እርሱ ነው። ሻጩን ከነወገኑ ያውቀዋል። ዋጋውንም በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ምልክት የሚነጋገሩበት የቆየ ልማድ አለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ገዥው ዕቃውን በዓይኑ አይቷል፥ ሻጩን በዋሱ በኩል አውቋል፥ ነገር ቢበላሽ ማንን እንደሚይዝ ተረድቷል። ይህ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም የቆመ ሕግ ነው።

ነገር ግን ያው ሰው ግመሉን ገዝቶ ሲያበቃ ወደ ገበያው ዳር ይሄዳል። እዚያ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ የከብት መድኃኒት ተደርድሯል። ብልቃጡ፥ ኪኒኑና ዱቄቱ ከፀሐይ ጋር ተፋጥጦ ውሏል። ፍየሎቹ ስለሚያስሉ መድኃኒት ይፈልጋል። ሻጩ «ይህ ፍቱን ነው፤ ከድንበር ማዶ የመጣ ነው» ይለዋል። ገዥው ብልቃጡን ገልብጦ አያይም፤ መቼ እንደ ተሠራ፥ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ፥ ለምን በሽታ እንደሚሰጥ አይጠይቅም። ግመሉን ለመግዛት ግማሽ ቀን የፈጀው ሰው መድኃኒቱን አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ገዝቶ ይሄዳል። ይሁንና ነገ ያ መድኃኒት በመርፌ የሚገባው ዛሬ ያን ያህል በተመረመረው ግመል ሥጋ ውስጥ ነው።

ይህን የምንጽፈው በከብት አርቢው ለመሳቅ አይደለም። ማንበብ እንችላለን የምንለው እኛም ከእርሱ አልተሻልንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቆላው ከተሞች ለሥራ በሄድን ጊዜ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለ ነበረ ከአንድ ሱቅ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የእጅ መብራት ገዛን። ዋጋው አዲስ አበባ ከምናውቀው በግማሽ ያነሰ ስለ ሆነ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ባለሱቁ ሲያበራው በራ፤ እኛም ሌላ ምንም ሳንጠይቅ ከፍለን ወጣን። መብራቱ አራት ሌሊት አገለገለን። በአምስተኛው ሌሊት አልበራ ብሎን ብናየው ባትሪው አብጦ ሽፋኑን ሰንጥቆታል። ወደ ሱቁ ብንመለስ ባለሱቁ «ከእኔ ለመግዛትዎ ምን ማስረጃ አለዎት?» አለን። ማስረጃ አልነበረንም። እርሱ ደረሰኝ አልሰጠንም፥ እኛም አልጠየቅንም ነበር። ከሱቁ ስንወጣ ያናደደን ባለሱቁ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት በከብት ገበያ ቆመን የግመል ገዥውን ጥንቃቄ ስናደንቅ መሰንበታችን ጭምር እንጂ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ይህን ያህል ዓይን ያለው ሕዝብ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ዓይኑ የሚጠፋው ስለ ምን ነው? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ከብት ነውሩን አይደብቅም፤ ያነክሳል፥ ያስላል፥ ይከሳል። የታሸገ ዕቃ ግን ዝም ይላል። ጥሩውም መጥፎውም ብልቃጥ እኩል ያብለጨልጫል። ለዚህ ዝምተኛ ዕቃ አንደበት እንዲሆኑት የተደረጉት በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ፥ በሱቁ ግድግዳ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድና በእጃችን የሚሰጠን ደረሰኝ ናቸው። ጽሑፉ እንደ ግመሉ ጥርስ ነው፤ ፈቃዱ እንደ ደላላው ነው፤ ደረሰኙም እንደ ምስክር ነው። እነዚህን ሳያይ የገዛ ሰው ግመል በጨለማ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

ስለዚህ የከብት ገበያውን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ሱቁ ይዘናቸው እንግባ። ዕቃው ምንድን ነው? ሻጩ ማን ነው? ቢበላሽ የምይዘው ማንን ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በመድኃኒት እንጀምር፤ ስሕተቱ ነፍስ የሚያስከፍል እርሱ ነውና። ለሰውም ሆነ ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ላይ የሠሪው ስም፥ የተሠራበትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን፥ የመለያ ቁጥሩ፥ እንዲሁም በምን ዓይነት ሙቀት መቀመጥ እንዳለበት ተጽፎ ይገኛል። ብዙው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃል። የቆላን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ከጧት እስከ ማታ ሸራ ላይ የተሰጣ ብልቃጥ ምን እንደሚሆን ራሱ ይፍረድ። መድኃኒቱ ሲሠራ እውነተኛ እንኳ ቢሆን በሙቀት ኃይሉን ያጣል። ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ደግሞ «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚባል አይደለም። ደካሞቹን ተሕዋስያን ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ ብርቱዎቹም ይራባሉ፤ በኋላ እውነተኛው መድኃኒት ቢመጣ እንኳ አይበግራቸውም። አንዳንዱም ሲበላሽ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ጊዜው ያለፈበትና የተበላሸ ቴትራሳይክሊን ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ከጻፉ 60 ዓመት አልፏል።

ለከብት የተሰጠ መድኃኒት በከብቱ ብቻ አይቀርም። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተቷና ሥጋዋ ለስንት ቀን ለሰው መሰጠት እንደሌለበት በመድኃኒቱ ላይ ይጻፋል። ይህን ያላነበበ አርቢ ወተቱን በማግሥቱ ለልጁ ያጠጣል፤ የቀረውንም ወደ ከተማ ልኮ ያሸጣል። ስለዚህ በሸራ ላይ የተሰጣው የከብት መድኃኒት ከብት የሌለውን፥ ወተት በደመወዙ ገዝቶ የሚጠጣውን ወጣት ሠራተኛም ይመለከተዋል። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ስለ እንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728ን፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሰው ምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112ን ማውጣቱ ይህን ሁሉ በማሰብ ነው። ነገር ግን አዋጅ በየሸራው አጠገብ ዘበኛ ሆኖ ሊቆም አይችልም።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። «ጠርጥር፥ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እንደ ተባለው፥ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፥ ቅቤ ከሌላ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ ለገበያ መቅረቡ በአገራችን በተደጋጋሚ የተሰማ ነገር ነው። ሰው ሳያጭበረብር በቸልተኝነት ብቻ የሚመጣው አደጋ ግን ከዚህ ሊከፋ ይችላል። ከሞያሌ ማዶ ባለችው በኬንያ የደረሰውን እናስታውስ። በ1996 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ በእርጥበት ተከማችቶ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የገደላቸው አፍላቶክሲን የሚባል ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ ነበር። ይህን መርዝ ማጠብም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሻገተ እህል በግማሽ ዋጋ ሲቀርብልን «እቤት ስንወስደው ለቅመን እናጸዳዋለን» ማለት አያዋጣም። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ጀሪካንም እንዲሁ ነው፤ ትናንት የተባይ መርዝ የያዘ ጀሪካን ቢታጠብም ዛሬ የወተት ወይም የውሃ ዕቃ ሊሆን አይገባውም።

አንዳንድ ሰው ይህን የጓዳ ጉዳይ አድርጎ ይንቀው ይሆናል። እንዲህ ለሚለው ሰው የዚያውን አገር ታሪክ እንንገረው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ባመፀ ጊዜ የቅሬታው መነሻ የምግቡ መበላሸትና የመጠጥ ውሃ ማጣት ነበር። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን ሌፍተናንት ጀኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፥ እነርሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የሆነው ሁሉ ከምግብና ከውሃ የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለሰው የሚቀርብ ምግብና ውሃ ስንት ነገር እንደሚያስነሣ ነገሌ ምስክር ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ዕቃውን አገላብጦ ማየት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለና። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። ሲመረመር ወላጆቻቸው ለሳል በገዙላቸው ሽሮፕ ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል የተባሉ መርዘኛ ፈሳሾች ተገኙ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዳይኤቲሊን ግላይኮል በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎች ገድሎ፥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ በሚቀጥለው ዓመት እንዲጠነክር ምክንያት ሆኖ ነበር። የጋምቢያ እናቶች ጽሑፉን ቢያነቡም መርዙ አልተጻፈበትም። ከእንዲህ ያለው አደጋ የሚያድነው መድኃኒቱን ከአገር በር ጀምሮ የመረመረና የሚጠየቅ አካል መኖሩ ነው። ገዥው ፈቃድ ያለውን መድኃኒት ቤት ሲመርጥ ይህን ሁሉ ምርመራ አብሮ ይገዛል፤ ከሸራው ሲገዛ ግን ብልቃጡን ብቻ ይገዛል።

በድንበር አካባቢ የኮንትሮባንድ ዕቃ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ፥ ሞተር ብስክሌቱ፥ ቴሌቪዥኑ በርካሽ ይገኛል። ወጣቱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን እንደ ተቀበለ ዓይኑ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ሆኖም ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። ሻጩ የቀነሰለት ቀረጡን ብቻ አይደለም፤ ዋስትናውንም፥ ደረሰኙንም፥ ስሙንም ጭምር ነው የቀነሰው። ሊብሬ የሌለው ሞተር ብስክሌት ዛሬ የገዥው ቢመስልም ነገ በኬላ ላይ ሲያዝ ገንዘቡም ዕቃውም አብረው ይሄዳሉ፤ ገዥውም ጉዳዩን ወደ ሕግ ልውሰደው ቢል ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። ግመል ቢሆን ኖሮ «ባለቤቱ ማን ነው?» ሳይል ገመዱን አይጨብጥም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፊቱ የማይታየው ሻጭ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር፥ ከዚያም በፊት በሶማሌ ክልል ሄሎካሽ፥ ገንዘብን በእጅ ስልክ መላክና መቀበልን ለሕዝቡ አቅርበውለታል። ሩቅ አገር ላለ ከብት ነጋዴ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ገንዘብ በከረጢት ይዞ በበረሃ ከመጓዝ አድኖታልና። ነገር ግን አታላዩም አብሮ ስልክ ገዝቷል። አንዱ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታልና የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። ሌላው «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ ስለ እግዜር ይመልሱልኝ» እያለ ያለቅሳል። ሦስተኛው ሥራ አስቀጥርሃለሁ እያለ አስቀድሞ የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃል። የሦስቱም መሣሪያ ጥድፊያ ነው። ለማሰብ ጊዜ አይሰጡም፤ «አሁኑኑ» የምትለው ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የተባለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ የምስጢር ቁጥርን ለማንም ቢሆን አለመንገር፥ ገንዘብ ተልኳል ሲባል የላኪውን መልእክት ሳይሆን የራስን ቀሪ ሂሳብ ማየት፥ ገንዘብ በእውነት በስሕተት ገብቶ ከሆነም ጉዳዩን ለድርጅቱ ነግሮ በእርሱ በኩል እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ደመወዝ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

ተማሪዎችን በብዛት የሚያጠምደው ግን «ገንዘብ አስገባ፥ ሰው አምጣ፥ ባመጣኸው ሰው ቁጥር ትርፍ ውሰድ» የሚለው ነው። ይህ ንግድ የሚመስለው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው፤ የእነርሱ ትርፍ ከኋለኞቹ መዋጮ የሚከፈል እንጂ ከሥራ የሚገኝ አይደለምና። አዲስ ሰው የጠፋ ዕለት የመጨረሻዎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አዋጅ ቁጥር 813 ይህን «ፒራሚዳዊ የሽያጭ ስልት» ብሎ ከልክሎታል። ክፋቱ በዋሱ ላይ ነው። በግመል ገበያ ደላላው የሚያውቀውን ከብት ይመሰክራል፤ በዚህኛው ግን ወንድማችን ወይም የክፍል ጓደኛችን የማያውቀውን ነገር ይመሰክርልናል። እርሱም የተታለለ ስለ ሆነ ውሸታም አይመስልም። በመጨረሻ ከገንዘቡ ጋር ወዳጅነቱም ይጠፋል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ቢበላሽ የምይዘው ማንን ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሕጉ ገዥውን አልረሳውም። ከመስከረም 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ወስኗል፤ ገዥውም ዕቃውን እንደ ተረከበ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት፥ ዕቃ አየህ ወይም ዋጋ ተከራከርህ ተብሎ ለመግዛት ያለመገደድ፥ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴው ዋጋውን እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገድዷል። የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነም ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ይህ የቅርብ ጊዜ አስተሳሰብ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሸማች ከአደጋ የመጠበቅ፥ የማወቅ፥ የመምረጥና የመሰማት መብት አለው ብለው ለምክር ቤታቸው የተናገሩት መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ ዕለቱም ዛሬ በየዓመቱ የዓለም የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይታሰባል። «ገዥ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለው ግን የቆየ ደንብ ነው።

አሁን ወደዚያች መብራታችን እንመለስ። የተበላሸችው በአምስተኛው ሌሊት ነበር። የ15 ቀኑ ጊዜ አላለፈም። ሕጉ ከእኛ ጋር ነበረ፤ እኛ ግን ደረሰኝ ባለመያዛችን ከሕጉ ጋር አልነበርንም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ሞኙስ ይቅር፥ ወረቀቱን ግን መያዝ ይገባን ነበር።

እስከዚህ የተከተለን አንባቢ አንድ ብርቱ ጥያቄ ሳይኖረው አይቀርም። «ድኻው ምን ያድርግ? ሕጋዊው መድኃኒት ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ቢደርስም መድኃኒቱ አልቋል ይባላል፤ ሸራው ግን በደጁ ነው» ይለን ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ልንሸሸውም አንፈልግም። ፍየሉ እየሞተበት ላለ ሰው «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ስለዚህ የሸራው ገበያ የሚጠፋው በመውረስና በመቅጣት ብቻ አይደለም። እውነተኛው መድኃኒት በተመጣጣኝ ዋጋ በአርቢው አጠገብ እንዲገኝ፥ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም መንጋው ባለበት እንዲደርስ፥ ማስጠንቀቂያውም ሕዝቡ በሚሰማው በሶማሊኛና በኦሮምኛ እንዲነገር ያስፈልጋል። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ማለት ደግሞ በየወረዳው ጠረጴዛ የያዙት ወጣት ሠራተኞች ሥራ ማለት ነው። ነጋዴውንም በጅምላ መውቀስ አይገባም። ፈቃድ አውጥቶ፥ ግብር ከፍሎ፥ መድኃኒቱን በጥላ አስቀምጦ የሚሸጠው ሐቀኛ ነጋዴ ከገዥው ይልቅ በሸራው ሻጭ የተጎዳ ሰው ነው። እኛም ደረሰኝ በጠየቅን ቍጥር የምንረዳው እርሱን ነው።

ሕጋዊ ያልሆነ ወይም የተበላሸ ምግብና መድኃኒት ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል፤ የንግድ ጽሕፈት ቤትም በየወረዳው አለ። «ለእኔ ያለፈ ነው፤ ሌላው ራሱን ይቻል» የሚል ሰው ያው ብልቃጥ ነገ በጎረቤቱ በኩል ተመልሶ ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ይወቅ።

የዛሬውን ነገራችንን የምንፈጽመው ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ አደራ በመስጠት ነው። በቆላው አገር ያለ አንድ አርቢ ስለ ግመል የሚያውቀውን እኛ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጠን ላናውቀው እንችላለን። በግመል ገበያ ብንቆም መካሪያችን እርሱ ነው፤ ሽማግሌው «ልጄ፥ ይህችን አትግዛ፤ ታነክሳለች» ቢለን እናመሰግነዋለን። እርሱ የማይችለው በብልቃጡ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ነው። እርስዋ ደግሞ የእኛ ድርሻ ናት። በገበያ ቀን ወጥቶ «አባቴ፥ እስቲ ብልቃጡን ያሳዩኝ፤ የዚህ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል» ማለት ምን ያህል ድካም ነው? ለእናትም «እማማ፥ ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ ከድርጅቱ ነኝ ቢልዎትም አይንገሩ» ማለት ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ማንበብ መቻል ለራስ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም፤ ማንበብ ላልቻለው ወገን የምንከፍለው ዕዳም አለበት። በግመል ገበያ ያለ ደላላ ዋስ እንጂ አይገዛም። በሱቁ ደጃፍም ያ ዋስ የተማረው ወጣት ይሁን። እርሱ ራሱ ደረሰኝ ሳይቀበል፥ ጽሑፉን ሳያነብብ፥ ሻጩን ሳያውቅ የሚገዛ ከሆነ ግን ለሌላው ዋስ ሊሆን አይችልምና አስቀድሞ ከራሱ ኪስ ይጀምር።